የቆቅ ምንጣፍ

ረቡዕ ሚያዝያ ሠላሳ ቀን 2078 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አስካለ ድንበሩ በሰባት ቦይ ከተማ ሰሌዳ ላይ አንደኛ ወጣች። የኩላሊቷ ፍሰት ዘጠና ሰባት ነበር። ሰልፈኛው አጨበጨበ፣ አንዲት ሴት እልል አለች፣ የክፍል ጓደኞቿ ትከሻዋን እየመቱ አሾፉባት። እናቷ ምንታምር ግን ሰሌዳውን ቀና ብላ አላየችም። የምታየው የልጇን እግር ነበር። የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሰርስሮ ገብቶ፣ ከላይና ከታች ያለው ሥጋ እንደ ሊጥ ተነፍቷል።

ጎረቤቷ ዘሀራ ከኋላዋ ቆማ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«ምነው ፊትሽን አጠቆርሽው? ዘጠና ሰባት እኮ ነው! የኔ ልጅ ቢሆን በግ አርዳለሁ።»

«እግሯን እዪልኝ እስቲ ዘሀራ።»

«እግሯማ እግር ነው። አይ ጠርጥሬ! አንቺ እኮ ገነት ብትገቢ እንኳ መጀመሪያ የምታዪው ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ነው።»

ጠርጥሬ የሚለውን ስም ያወጡላት የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። ከገንፎ ውስጥም ስንጥር አይጠፋም እያለች ስለምታስቸግራቸው ነው። ምንታምር በበሩ ጀርባ ሁልጊዜ የታሰረ ጓዝ አላት፤ ሁለት ነጠላ፣ አንድ ኩባያ፣ የልጇ ሹራብ። ሰው «ለምንድን ነው?» ሲላት «እንዲያው» ትላለች። ጓዙ የጥላ ቤት ጓዝ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ሰባት ቦይ አዋሽ ዳር ያለች የሸንኮራ አገዳ ከተማ ናት። ሙቀቱ ከበረታ ወዲህ በቆላው የአገዳ ቆራጮች ኩላሊት እንደ ሰም እየቀለጠ ብዙ ሰው አልቋል። ስለዚህ ከሰባት ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ በወገቡ መቀነት ይታጠቃል። መቀነቱ በኩላሊት ውስጥ ምን ያህል ደም እንደሚያልፍ ይለካል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰው በሰሌዳው ሥር ይሰለፋል፤ የየሰዉ ስምና ቁጥር ይወጣል። ስድሳና ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ከስድሳ በታች ቀይ ነው፤ ሦስት ቀን ቀይ ያየ ሰው ወደ ጥላ ቤት ይሄዳል። ጥላ ቤት እስር ቤት አይደለም። ምግቡ ጥሩ ነው፣ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ቴሌቪዥን አለ። የወጣ ሰው ግን የለም።

ከሰሌዳው በኋላ በሲስተር ኖላዊት ፊት ክኒን ይዋጣል፤ ተውጦም አፍ ተከፍቶ ይታያል። ክኒኑ አንድ መቶ አሥራ አራት ይባላል። የኩላሊትን የደም ሥር ይከፍታል፤ ደሙ እንደ ልብ ያልፋል። ከተክል እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል፤ ተክሉ ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ምንታምር በተክሉ ማድረቂያ ስድስት ዓመት ስትሠራ አንድ ሙሉ ቅጠል እንኳ አይታ አታውቅም። ደቆ በከረጢት ይመጣል፣ ጭንብል አድርጋ ታሰጣዋለች፣ ደርቆ በከረጢት ይሄዳል። የምታውቀው ሽታውን ብቻ ነው፤ ሎሚና የዛገ ብረት።

በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ደግሞ ሲስተር ኖላዊት ድምፅ ማጉያውን ይዛ «ከክኒኑ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ አለ?» ብላ ትጠይቃለች። ሰልፉ ባንድ አፍ «የለም» ይላል። እንደ አሜን ነው፤ ማንም አስቦበት አይመልስም።

ቁጥሩ ሠላሳ ቀን በተከታታይ ከዘጠና በላይ የሆነ ሰው የቀትር ቡድን ይገባል። የቀትር ቡድን ሌላው ሰው በር ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት አገዳ ውስጥ ይሠራል። ሁለት ዓመት ከሠራ የደጋ ፈቃድ ያገኛል። ደጋ ሰው በቀትር ውጭ ቆሞ የሚያወራበት አገር ነው። አስካለ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ደጋን በሥዕል ነው የምታውቀው። ሠላሳኛው ቀኗ አርብ ይሞላል፤ ምዝገባው ሰኞ ነው።

አባቷ ድንበሩም የቀትር ቡድን ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ማክሰኞ ቁጥሩ ዘጠና አምስት ነበር፤ በተከታዩ ሰኞ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ሐኪሞቹ ሙቀቱ ነው አሉ። ጥላ ቤት አምስት ወር ቆየ።

ምንታምር ያን ረቡዕ ከሥራ እንደ ተመለሰች ልጇን አልጋ ላይ አስቀምጣ ካልሲዋን አወለቀች።

«እማዬ፣ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ዝም በይ።»

አውራ ጣቷን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተጭና አነሳች። ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። መቁጠር ጀመረች። ሃያ ሦስት ላይ ነው የሞላው።

«ሽንትሽ አረፋ አለው?»

«እማዬ! ኡፍ! ይሄ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?»

«አለው ወይስ የለውም?»

አስካለ ወደ ግድግዳው ዞረች። «እንደ ሳሙና ውሃ ነው» አለች፤ ከዚያ ቶሎ ብላ፣ «ግን እኮ ምንም አያመኝም! ቁጥሬን አላየሽም? ሰው ሁሉ ሲደሰት አንቺ ብቻ ለቅሶ ቤት እንደ መጣ ሰው ትሆኛለሽ።»

ምንታምር ልጇን ጉንጯ ላይ ሳመቻት። ያን ጊዜ ከልጅቷ አፍ የሎሚና የዛገ ብረት ሽታ መጣባት። ከኔ ልብስ ነው አለች በልቧ። የሥራ ልብሷን አውልቃ ከቤት ውጭ ሰቀለችው።

በማግስቱ ሐሙስ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። ሲስተር ኖላዊት ከደጋ የመጣች ወጣት ናት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ቆላውን አልለመደችውም፤ አንገቷ ላይ ሁልጊዜ እርጥብ ፎጣ አለ።

«ሲስተር፣ ልጄን አሟታል።»

ነርሷ መዝገቡን ከፈተች። «ዛሬ ዘጠና ስድስት ናት። ወይዘሮ ምንታምር፣ በከተማው ከሷ የሚሻል ኩላሊት የለም እኮ።»

«አብጣለች። ሽንቷ አረፋ አለው።»

«እብጠት የሚመዘገበው ቁጥሩ ከስድሳ በታች ለሆነ ሰው ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ መጻፊያ ቦታ የለውም። ብጽፈውም ራሱ ያጠፋዋል፤ ይኸው ይዩት።» ጻፈችው። ጽሑፉ ጠፋ።

«አባቷም ዘጠና አምስት ነበር።»

ሲስተር ኖላዊት ፎጣዋን አስተካከለች።

«ቦይ ታውቂያለሽ?» አለች ምንታምር። «የቦዩን በር ወለል አድርጎ መክፈት ቀላል ነው። በመጀመሪያው ቀን አገዳው ይጠጣል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። በሦስተኛው ቀን ውሃው ዳሩን ይንደዋል። ከዚያ በኋላ ውሃም የለ፣ ቦይም የለ። ይሄ ሰሌዳ ስንት እንዳለፈ ይቆጥራል፤ ዳሩን የሚያይለት ሰው ግን የለም።»

ነርሷ በሩን ተነሥታ ዘጋች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ክኒን ብቻውን እዚህ ቁጥር ላይ አያደርስም። ሌላ የምትወስደው ነገር አለ?»

«የለም።»

«ሁሉም የለም ነው የሚለው። እኔ ክኒኑን ማቆም የምችለው ሌላ መድኃኒት በስሙ ከተመዘገበ ብቻ ነው። ግን ያልተፈቀደ መድኃኒት የተገኘበት ቤት ከሰሌዳው ይሰረዛል። ከሰሌዳ የተሰረዘ ሥራም ትምህርትም የለውም። እና ማን ይነግረኛል?»

«እኛ ቤት የለም» አለች ምንታምር፤ ብላም ወጣች። የተናገረችው እውነት መስሏት ነበር።

አርብ ጎህ ሲቀድ ነቅታ ስታይ የአማቷ የእማማ ሄራን አልጋ ባዶ ነው። እማማ ሄራን የድንበሩ እናት ናቸው። ስማቸው በልጅነታቸው ዘመነኛ ነበር፤ ዛሬ ሄራን የሚባል ሁሉ ምርኩዝ የያዘ ነው። ምንታምር በር ላይ ቆመች። አሮጊቷ ከሦስተኛው ቦይ በኩል በነጠላቸው ጫፍ አንድ ነገር ቋጥረው መጡ።

«እማማ፣ በዚህ ጠዋት ከየት ነው?»

እማማ ሄራን ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አለፏት። ገብተው ቅጠሉን በትንሿ ሙቀጫ ወቀጡት፣ በኩባያ ውሃ በጠበጡት፣ ሦስት ጊዜ እፍ አሉበት። አስካለ ተነሥታ ዓይኗን ጨፍና በአንድ ትንፋሽ ጠጣችው። የለመደች ሰው አጠጣጥ ነበር።

ምንታምር ኩባያውን ከልጇ እጅ ነጥቃ አሸተተችው። ሎሚና የዛገ ብረት። የሥራ ልብሷ ከረቡዕ ጀምሮ ውጭ እንደ ተሰቀለ ነው።

«አሁን መናገር ይቻላል» አሉ እማማ ሄራን ተንፈስ ብለው። «መድኃኒት ሲቆረጥ አይወራም። ረቡዕና አርብ ነው፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጥላ ሳይወድቅበት። ልትቆጪኝ ከሆነ እንግዲህ ተቆጪ።»

«ምንድን ነው ያጠጧት?»

«እናቴ የሰጠችኝን ነው። ለኩላሊት ነው።»

«ስሙ ማን ነው?»

«ስሙማ አይጠራም ልጄ። ከተጠራ ይረክሳል፤ ባዶ ቅጠል ይሆናል። ልሞት ስል ለአስካለ በጆሮዋ እነግራታለሁ።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ክኒኑ ነው። ስድስት ዓመት ያሰጣሁት ነገር ነው፤ ዓይኔን ቢጋርዱኝም አውቀዋለሁ። ልጄ እጥፍ እየወሰደች ነው!»

«ክኒኑ የመንግሥት ነው፣ ይሄ የእግዜር ነው፤ ምን አገናኛቸው?»

ምንታምር ከውጭ የሥራ ጭንብሏን አምጥታ አፍንጫቸው ሥር አደረገችው። ከዚያ ኩባያውን። አሮጊቷ አንዱን አሸተቱ። ሌላውን አሸተቱ። እንደገና የመጀመሪያውን አሸተቱ። ቀስ ብለው ደፉ ላይ ተቀመጡ።

«ለድንበሩም እሰጠው ነበር» አሉ። «ዘጠና አምስት የወጣ ዕለት እኔ ነኝ ያወጣሁት ብዬ ለብቻዬ ስስቅ ነበር የዋልኩት።»

ምንታምር አፏ ላይ የመጣ ቃል ነበር። ሦስት ዓመት የከረመ ቃል ነው፤ ተናግራው ቢሆን ኖሮ ተመልሶ የሚገባበት ቤት አያገኝም ነበር። ዋጠችው።

«ይህን በኋላ እናለቅሰዋለን እማማ» አለች። «አሁን ልጅቷ አለች።»

አስካለ ግን እያለቀሰች ነበር። «ሰኞ እኮ ነው ምዝገባው! ዛሬ ሠላሳ ቀን ይሞላኛል! ደጋ ልሄድ ነው!»

«ደጋ ብትሄጂም በእግርሽ ነው የምትሄጂው፤ በቃሬዛ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ ያ ኩባያ አይነካም።»

ኩባያው ቆመ። ክኒኑ ግን አልቆመም፤ እሱ የሚዋጠው በሰሌዳው ሥር፣ አፍ ተከፍቶ ነው። ቅዳሜ ዘጠና አምስት፣ እሑድ ዘጠና አራት። ምንታምር እሑድ ከሰዓት ስትጫን ጉድጓዱ የሞላው ሃያ ሁለት ላይ ነበር። በዚህ አካሄድ ልጅቷ ሰኞ ትመዘገባለች፤ ማክሰኞ በቀትር አገዳው ውስጥ ትገባለች።

አማቷ ፊት ተንበረከከች። «እማማ፣ ስሙን ይንገሩኝ። ሲስተር ያለ ስም አትመዘግበውም።»

እማማ ሄራን ከአርብ ጀምሮ ቃል አልወጣቸውም። ምርኩዛቸውን ይዘው ግድግዳ ግድግዳ ያያሉ። ምንታምር ጉልበታቸውን ብትይዝም ዞረው አላዩአትም።

«እሺ» አለች ተነሥታ። «ያለ ስሙ እወስደዋለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ወደ ሦስተኛው ቦይ ወረደች። ቅጠል እየቀጠፈች ስታሸት ተክሉን በቦዩ ዳር መሬት ለመሬት ተነጥፎ አገኘችው፤ ክብ ክብ ቅጠል፣ ቀይ አገዳ። ጥላዋ ሙሉ በሙሉ ወደቀበት። መንገድ ላይ ያገኘቻቸውን ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰላም አለች። ከነሥሩ ነቅላ በጋዜጣ ጠቀለለችው። ቤት ስትመለስ ያን የታሰረ ጓዝ ከበሩ ጀርባ አንሥታ በትከሻዋ አንጠለጠለች።

አስካለ ጓዙን ስታይ ደነገጠች። «ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልናገር ነው።»

«ይሰርዙናል እኮ!»

«ይሰርዙን። ከሰሌዳ የተሰረዘ ሰው ስሙ ነው የሚጠፋው። አባትሽ ሰሌዳው ላይ ዘጠና አምስት ሆኖ ነው የጠፋው።»

በሰሌዳው ሥር ሰው ተሰልፏል። የአስካለ ቁጥር ዘጠና ሦስት ወጣ። የቀትር ቡድን ኃላፊ መዝገቡን ይዞ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። ሲስተር ኖላዊት ድምፅ ማጉያውን አነሣች።

«ከክኒኑ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ አለ?»

«የለም» አለ ሰልፉ።

«አለ» አለች ምንታምር።

ድምፅዋ ትንሽ ነበር፤ ግን ከሁሉም ኋላ ስለ ወጣ ተሰማ። ሰው ዞረ። ምንታምር ከሰልፉ ወጥታ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። አፈሩ መዝገቡ ላይ ተበተነ። ኃላፊው መዝገቡን ሰብሰብ አደረገ።

«ልጄ ለስንት ጊዜ እንደ ጠጣችው አላውቅም። አባቷም ጠጥቶታል። ክኒኑና ይሄ አንድ ናቸው። እዚህ መሀል የማድረቂያ ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ይምጣና ያሽት።» ጭንብሏን ከተክሉ አጠገብ አስቀመጠች።

ከማድረቂያው ሦስት ሴቶች መጡ። አሸተቱ። የመጀመሪያዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ሲስተር ኖላዊት ብዕሯን ያዘች። «ስሙ ማን ይባላል?»

«አላውቀውም።»

«ወይዘሮ ምንታምር፣ ያለ ስም...»

«አላውቀውም አልኩሽ! ሰምቼው አላውቅም። ጻፊው፤ ክብ ቅጠል፣ ቀይ አገዳ፣ ሦስተኛው ቦይ ዳር።»

ኃላፊው «እንግዲህ ስም የለውም ማለት ነው፤ ወደ ምዝገባው እንለፍ» አለ። አስካለን በስሟ ጠራት። አስካለ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች፤ እናቷን አየች፤ ቆመች።

ያን ጊዜ የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ። እማማ ሄራን ከሽማግሌዎቹ አግዳሚ ተነሥተው በሰው መሀል እያቋረጡ ነበር። ጠረጴዛው ጋ ደርሰው ቅጠሉን በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ሥሩ የተነቀለውን፣ ጥላ የወደቀበትን።

«የቆቅ ምንጣፍ» አሉ።

ሲስተር ኖላዊት ወደሳቸው ዘንበል አለች።

«የቆቅ ምንጣፍ ይባላል። የእናቴ ስሟ ወለተ ኪዳን ነው፤ ከሷ ነው የተቀበልኩት። ልጄን በሱ ገድያለሁ። በኔ ቤት ጻፊው።»

ሲስተር ኖላዊት ቅጹ ላይ ቦታ ፈለገች፤ የለም። ወረቀቱን ገለበጠችና በባዶው ጀርባ ጻፈችው።

«እኛ ቤት ዒደታ ነው የምንለው» አለ ከኋላ የመጣ ድምፅ። ዘሀራ ነበረች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ያው ራሱ ነው። ቀይ አገዳ። ለልጄ ለከድር... በየአርቡ።» የልጇን ቁጥር ለማየት ወደ ሰሌዳው ቀና አለች። ሰማንያ ስምንት። እንደዚያ ቀን ቁጥር አስፈርቷት አያውቅም።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተናገሩ። ከዚያ ሁለት እህትማማቾች። እያንዳንዱ ስሙን ከመናገሩ በፊት ግራና ቀኝ ያያል፤ ልክ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ልብሱን እንደሚያወልቅ ሰው። ለአንዱ ተክል አሥራ አንድ ስም ተቆጠረ። ወረቀቱ ሞላ፤ ሲስተር ኖላዊት ሌላ ገለበጠች። ሦስት ሰዓት ሲሆን አርባ ሦስት ቤት ተመዝግቧል። የቀትር ቡድን መዝገብ ላይ ያን ዕለት የተጻፈ ስም የለም።

ረቡዕ ከላይ ደብዳቤ መጣ። አርባ ሦስቱም ቤቶች በደንቡ መሠረት ከሰሌዳ እንዲሰረዙ ይላል። ሐሙስ ሌላ ደብዳቤ መጣ። አርባ ሦስት ቤት ከተሰረዘ የስኳር ፋብሪካው አገዳ የሚቆርጥለት ስለማያገኝ፣ ጉዳዩ እስኪጠና ድረስ ባሉበት እንዲቆዩ ይላል። የአርባ ሦስቱም ቤት ክኒን ቆመ። ስለ ድንበሩና ስለ ሌሎቹ የተጠየቀ ነገር የለም። ምንታምር ግን ጠይቃለች፤ ማመልከቻዋን በሁለት ቅጂ ጽፋ አንዱን ለራሷ አስቀርታለች። መልስ እስኪመጣ በየሰኞው እንደምትመላለስ ለሲስተር ነግራታለች፤ ሲስተርም ወንበር አዘጋጅታላታለች።

የአስካለ ቁጥር በየቀኑ ወረደ። ሰማንያ አራት፣ ሰባ አምስት፣ ስድሳ ስድስት። በአሥረኛው ቀን ስድሳ አንድ ላይ ቆመ። በሰሌዳው ሥር የሚያጨበጭብላት የለም። እናቷን አታናግርም፤ ጠዋት ጠዋት ግን ሳትጠየቅ ካልሲዋን አውልቃ እግሯን ጭኗ ላይ ትዘረጋላታለች። እማማ ሄራን አጠገባቸው ቁጭ ብለው ያያሉ።

ጓዙ ከበሩ ጀርባ ተመልሶ ተሰቅሏል። ምንታምር አልፈታችውም፤ የምትፈታውም ሴት አይደለችም።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት አውራ ጣቷን ተጭና አነሣች። ሦስቱም ጉድጓዱን አዩ። መቁጠር ጀመረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስድስት ላይ አስካለ በለሆሳስ አብራት መቁጠር ጀመረች። ስምንት ላይ ሞላ።

«ትናንት አሥራ አንድ ነበር» አለች አስካለ።

«ነገም እናየዋለን» አለች እናቷ፤ ሌላውንም እግር ሳበች።